ስኳር ያለበት ሰው ጡንቻውን እንዴት ያሠራል? ከዝግጅት እስከ ማግስቱ

«ስፖርት ጀመርኩ፣ ስኳሬ ግን ጭራሽ ጨመረ።» «ቀን ደህና ነበርኩ፣ ሌሊት ግን በላብ ተጠምቄ ነቃሁ።» «ሦስት ቀን ሠርቼ ሰውነቴ ተሳሰረ፣ ተውኩት።» ስኳር ካለባቸው ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው እነዚህን ሦስቱን ነው። አንዳቸውም ስንፍና አይደሉም። ወይ ሳይለኩ ተጀምሯል፣ ወይ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፣ ወይ በመጀመሪያው ሳምንት ከአቅም በላይ ተሠርቷል።

መመሪያው ዓይነት 1ም ሆነ ዓይነት 2 ላለባቸው አዋቂዎች ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም እግርዎ ላይ ያልዳነ ቁስል ካለ እዚህ ያቁሙና መጀመሪያ ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ከመነሳትዎ በፊት፦ ጡንቻው ውስጥ የሚሆነው

ስኳር ከደም ወደ ጡንቻ የሚገባበት ሁለት በር አለ። አንደኛውን የሚከፍተው ኢንሱሊን ነው። ዓይነት 2 ባለበት ሰው ይህ በር ዝጓል፤ ኢንሱሊኑ ቢያንኳኳም ቶሎ አይከፈትም። ዓይነት 1 ባለበት ሰው ደግሞ ቆሽት ኢንሱሊን ስለማያመርት አንኳኪው ራሱ ከውጭ በመርፌ ይመጣል።

ሁለተኛው የጓሮ በር ነው። ጡንቻ ሲኮማተር ግሉት-4 የሚባሉ ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች ከሕዋሱ ውስጥ ወደ ላይኛው ሽፋን ይወጣሉ። ለዚህ የኢንሱሊንን ትእዛዝ አይጠብቁም። ደስ የሚለው ነገር፣ ዓይነት 2 ያለበት ሰው ጡንቻ ላይም ይህ በር ይሠራል።

ከዚህ ሦስት ነገር ይያዙ።

- በሩ የሚከፈተው በሠራው ጡንቻ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹን ያሠሩ፦ ጭን፣ መቀመጫ፣ ጀርባ፣ ደረት። ክንድ ብቻ ማሳበጥ ለፎቶ ካልሆነ ለስኳር ብዙም አይረዳም።
- ከሥራው በኋላ ጡንቻው ለኢንሱሊን ያለው ስሜት ከ24 እስከ 72 ሰዓት ድረስ የተሻለ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ይጠፋል። እሑድ ብቻ ሦስት ሰዓት መሥራት የማያዋጣው ለዚህ ነው።
- ጡንቻው ያወጣውን የስኳር ክምችት ለሰዓታት መልሶ ይሞላል። የሚሞላው ከደምዎ ወስዶ ነው። ሌሊት ስኳር የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የጓሮ በር አለ ማለት ዓይነት 1 ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን መዝለል ይችላል ማለት አይደለም። ኢንሱሊን በሌለበት መሥራት ስኳርንም ኪቶንንም (ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣውን አሲድ) ያንራል። ይህ ለሕይወት ያሰጋል።

ደረጃ 1፦ ሐኪምዎን አራት ነገር ይጠይቁ

«ስፖርት መሥራት እችላለሁ?» ብለው አይጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ ጥሩ ነው» ስለሆነ ምንም ይዘው አይመለሱም። እንዲህ ይጠይቁ።

1. «ዓይኔ ክብደት ማንሳት ይችላል?» ስኳር በሬቲና (በዓይን ውስጠኛው የጀርባ ሽፋን) ላይ አዳዲስ ደካማ የደም ሥሮች አብቅሎ ከሆነ፣ ትንፋሽ ይዞ ከባድ ማንሳት፣ መዝለልና ጭንቅላትን ወደ ታች መዘቅዘቅ ደም ሊያፈስ ይችላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ዓይንዎን ካልታዩ መጀመሪያ ይታዩ።
2. «እግሬ ስሜት አለው?» በቀጭን የናይለን ክር ተነክቶ የሚደረግ የሁለት ደቂቃ ምርመራ ነው። ስሜቱ ከቀነሰ ከመሮጥ ይልቅ ብስክሌት፣ ዋና ወይም ተቀምጦ የሚሠራ ይሻላል።
3. «ልቤና ግፊቴስ?» ስትራመዱ ደረት የሚጨንቅ፣ ትንፋሽ የሚያጥር ወይም የሚያዞር ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ።
4. «ከመድኃኒቶቼ ስኳር የሚያወርደው የትኛው ነው?» ይህ ዋናው ጥያቄ ነው።

በአራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ከእንቅስቃሴ ጋር ሲደመሩ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርዱ ይችላሉ። ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች ደግሞ የስኳር መውረድን ምልክት ይደብቃሉ፤ ልብዎ ቶሎ ቶሎ አይመታም፣ እጅዎ አይንቀጠቀጥም፣ ላብ ግን ይመጣል። እነዚህን የሚወስዱ ከሆነ ላብን እንደ ዋና ምልክት ይያዙ። የልብ ምት በመቁጠር የሥራውን ክብደት መለካትም ይተዉ፤ ያታልልዎታል። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚወስዱ ከሆነ ሰውነትዎ ውሃ ቶሎ ያጣል። ኪቶንም ስኳሩ ብዙ ሳይጨምር ሊመጣ ስለሚችል በጾም ረጅም ሥራ አይሥሩ።

መጠን በራስዎ አይቀንሱ፣ አይጨምሩም። «ስፖርት በምሠራበት ቀን ምን ያህል ልቀንስ?» ብለው ቁጥሩን በወረቀት አጽፈው ይውጡ።

ደረጃ 2፦ ዕቃዎን አንድ ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጡ

- የስኳር መለኪያ፣ ስትሪፕና መርፌ። ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ አይተዉት።
- ፈጣን ስኳር፦ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ዕቃ፣ ወይም 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ጁስ ወይም ስኳር ያለው ለስላሳ። ቸኮሌት አይቆጠርም። ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል።
- ውሃ።
- እግርን የማይጨምቅ፣ ጫፉ ላይ ለጣት ቦታ ያለው ጫማ። ጫማውን ከማድረግዎ በፊት እጅዎን አስገብተው ውስጡን ይዳብሱ። ስሜት የሌለው እግር ጠጠር እንዳለ አይነግርዎትም።
- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክም ይሆናል፤ እኔ ግን ስልክ ላይ የጻፍኩትን ተመልሼ አይቼ አላውቅም።

ብቻዎን የሚሠሩ ከሆነ ስኳር እንዳለብዎት የሚገልጽ ወረቀት ኪስዎ ውስጥ ይኑር። አብሮዎት የሚሠራ ሰው ካለ ደግሞ ስኳሩ የት እንደተቀመጠ ያሳዩት።

ደረጃ 3፦ ይለኩ፣ ከዚያ ይወስኑ

እጅዎን በሳሙና ታጥበው ያድርቁ። ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ቁጥሩን ያሳብጠዋል። ከመጀመርዎ 30 ደቂቃ በፊት አንዴ፣ ልክ ሲጀምሩ ደግሞ አንዴ ይለኩ። ሁለት ጊዜ የሚለካው አቅጣጫውን ለማወቅ ነው። 120 ሆኖ እየወጣ ያለና 120 ሆኖ እየወረደ ያለ አንድ አይደሉም።

ቁጥሮቹ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። ማሽንዎ እንደ 5 ወይም 9 ያለ ትንሽ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ በ18 ያባዙት።

- ከ70 በታች፦ አይጀምሩ። ወርዷል። ወደ ታች «ስኳር ከወረደ» ወደሚለው ይሂዱ።
- ከ70 እስከ 90፦ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይውሰዱ። ከ90 በላይ ሲሆን ይጀምሩ።
- ከ90 እስከ 250፦ ይጀምሩ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሆነው ቁጥሩ ወደ 100 ከተጠጋና ሥራው ከ30 ደቂቃ የሚያልፍ ከሆነ፣ ትንሽ ነገር ቀምሰው ይጀምሩና መሃል ላይ ደግመው ይለኩ።
- ከ250 በላይ፦ ኪቶን ይለኩ፣ በተለይ ዓይነት 1 ከሆኑ። ኪቶን ካለ አይሥሩ፤ ሐኪም የሰጠዎትን የኪቶን ቀን መመሪያ ይከተሉ። ማስታወክ ከመጣ ሆስፒታል ይሂዱ። ኪቶን ከሌለና ደህንነት ከተሰማዎት ውሃ ጠጥተው ቀለል ያለ እርምጃ ብቻ ያድርጉ።

ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ የሰው እርዳታ እስኪያስፈልግዎ ድረስ ስኳርዎ ወርዶ ከሆነ የዛሬውን ይተዉት። ሰውነት አንዴ ከወረደ በኋላ የሚቀጥለውን መውረድ የሚያስጠነቅቅበት አቅም ይደክማል።

ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ በሚያሠሩት እግር ወይም ክንድ ላይ አይውጉ። ደም ወደዚያ ስለሚበረታ መድኃኒቱ ከተለመደው ፈጥኖ ይገባል። ሆድ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ሰውነትዎን ያሟሙቁ

ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በዝግታ ይራመዱ፣ ትከሻና ዳሌዎን ያዟዙሩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልላል። ለረጅም ጊዜ የቆየ ከፍተኛ ስኳር ጅማቶችን ያደርቃል፤ የትከሻ መድረቅም ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ያልሟሟቀ ትከሻ ላይ ክብደት አይጫኑ።

ደረጃ 5፦ የጉልበት ሥራ

ብዙዎች እርምጃ ብቻ ይሠሩና እዚህ አይደርሱም። እርምጃ ጥሩ ነው፤ ግን ጡንቻን አያሳድግም። ጡንቻ ሲያድግ ስኳር የሚገባበት መጋዘን ይሰፋል።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ጉልበቱን አስቀድመው እርምጃውን ያስከትሉ። መጀመሪያ እርምጃ ከሆነ ስኳሩ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ጉልበት ሲቀድም ግን መውረዱ ይለዝባል።

አምስት እንቅስቃሴ ይበቃል።

1. ከወንበር ቁጭ ብድግ። የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ ያስጠጉ። እጅዎን ደረት ላይ አጣምረው ይነሱ። ሲቀመጡ እስከ ሦስት እየቆጠሩ በዝግታ ይውረዱ፤ ዘፍ አይበሉ። ጡንቻው ሲወርዱም ይሠራል። ካቃተዎት ወንበሩ ላይ ወፍራም ትራስ ይጨምሩ፣ ወይም በእጅዎ ትንሽ ይደገፉ።
2. ግድግዳ ፑሽአፕ። ከግድግዳው አንድ እርምጃ ርቀው ይቁሙ፣ እጅ በትከሻ ከፍታ። ሲቀልልዎት ወደ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወደ መሬት ይውረዱ።
3. ላስቲክ መጎተት። የስፖርት ላስቲኩን በማይነቃነቅ ነገር ያስሩ። ክርንዎን ወደ ኋላ እየሳቡ ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ያቀራርቡ።
4. በጀርባ ተኝቶ ወገብ ማንሳት። ጉልበት ታጥፎ፣ እግር መሬት ረግጦ መቀመጫዎን ያንሱና ሁለት ቆጥረው ይመለሱ።
5. ተረከዝ ማንሳት። ወንበር ይዘው በእግር ጣቶችዎ ላይ ይነሱ። የእግር ስሜትዎ ከቀነሰ ይህን ተቀምጠው ይሥሩት።

መጠኑ፦ እያንዳንዱን ከ10 እስከ 15 ጊዜ። መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ዙር ብቻ። ከዚያ ሁለት፣ ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ሦስት ዙር። በዙር መካከል ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይረፉ።

ክብደቱ ልክ መሆኑን በምን ያውቃሉ? የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ሊያስቸግሩዎት ይገባል፤ አቋምዎን ግን ማበላሸት የለባቸውም። ከ15 በኋላ ገና አምስት መጨመር ከቻሉ ቀሎዎታል። 8 ላይ ከተንጠለጠሉ ከብዶዎታል። ክብደት የሚጨምሩት በሁለት ተከታታይ የጉልበት ቀናት 15ቱን በደንብ ሲጨርሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ፦ ወይ ክብደት፣ ወይ ዙር። ሁለቱን በአንድ ቀን አይጨምሩ።

ትንፋሽ፦ ሲገፉ ወይም ሲነሱ ያስወጡ፣ ሲመለሱ ያስገቡ። ትንፋሽ ተይዞ ማንሳት የደም ግፊትን በቅጽበት ያስፈነጥራል። መቆጣጠር ካቃተዎት ድምፅ እያሰሙ ይቁጠሩ። እየቆጠረ ትንፋሹን መያዝ የሚችል ሰው የለም።

ደረጃ 6፦ እርምጃ

ከጉልበት ሥራ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ልኩ ቀላል ነው፤ ማውራት ይችላሉ፣ መዝፈን ግን አይችሉም።

በሌሎች ቀናት ሰዓቱን ከምግብ ጋር ያያይዙት። ከበሉ በኋላ የሚደረግ የ15 ደቂቃ እርምጃ ከምግቡ የሚመጣውን የስኳር ጭማሪ ዝቅ ያደርገዋል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩ ከሆነ በየ30 ደቂቃው ተነስተው ለ3 ደቂቃ ይንቀሳቀሱ። ጠዋት ጂም ሄዶ ከዚያ እስከ ማታ ከወንበር አለመነሳት የጠዋቱን ልፋት ይበላዋል።

ደረጃ 7፦ ከሥራ በኋላና ሌሊቱ

1. ወዲያው ይለኩና ይጻፉ።
2. ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቆይተው ይድገሙት።
3. ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ከመተኛትዎ በፊትም ይለኩ። ከ100 በታች ከሆነ ሳይቀምሱ አይተኙ። መውረዱ ከሥራው እስከ 24 ሰዓት በኋላም ሊመጣ ይችላል።
4. ካልሲዎን አውልቀው እግርዎን ከላይም ከሥርም ይዩ። መቅላት፣ ውሃ መቋጠር፣ ስንጥቅ ይፈልጉ። ጎንበስ ማለት ካቃተዎት መስታወት መሬት ላይ ያድርጉ።

በሠሩበት ምሽት አልኮል አይጠጡ። ጉበት አልኮሉን ሲያስወግድ ስኳር መልቀቁን ይቀንሳል፤ ጡንቻውም በዚያው ሰዓት እየወሰደ ነው።

አዲስ የሥራ ዓይነት በጀመሩበት ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንዴ ተነስተው ይለኩ። እንቅልፍ ይረብሻል፣ አውቃለሁ። ሁለት ሦስት ሌሊት ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ቀናቱን ያሰልፉ

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጉልበት፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እርምጃ፤ እሑድ ዕረፍት። አንድ ጡንቻ በሁለት ተከታታይ ቀን በጉልበት አይሠራም። ከሁለት ቀን በላይ ግን ጭራሽ ሳይንቀሳቀሱ አያሳልፉ። ግቡ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ በ60 ጀምረው በየሳምንቱ 10 ወይም 15 እየጨመሩ ይድረሱበት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበትዎ ሲጨምር ያያሉ፣ ጡንቻው ግን ብዙም አያድግም። የጨመረው ነርቮች ጡንቻውን የሚያዙበት ብቃት ነው። የጡንቻ መጠን ከሁለት ወር በኋላ መታየት ይጀምራል።

አንዱ ደረጃ ሲበላሽ

ስኳር ከወረደ (ከ70 በታች፣ ወይም መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ብዥታ፣ ድንገተኛ ብስጭት)። ወዲያው ያቁሙ፣ ይቀመጡ። 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይውሰዱ። 15 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙ። ሲስተካከል ምግብ ይብሉ፤ ያቋረጡትን ሥራ በዚያ ቀን አይቀጥሉ። መለኪያ ከሌለዎት እንደወረደ ቆጥረው ስኳሩን ይውሰዱ። ክንድ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ የሚጠቀሙ ከሆነ በሥራ ሰዓት ከደሙ ወደ ኋላ እንደሚቀር ይወቁ፤ ምልክት ተሰምቶዎት ቁጥሩ ደህና ቢል ጣትዎን ይውጉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም። በጎኑ አስተኝተው አምቡላንስ ይጥሩ፤ የግሉካጎን (የወረደ ስኳርን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) መርፌ ካለ ይስጡት።

ከሥራ በኋላ ስኳር ከጨመረ። አይደንግጡ። ከባድ ማንሳትና አጭር ፈጣን ሩጫ አድሬናሊን ይለቅቃሉ፤ አድሬናሊን ደግሞ ጉበትን «ስኳር አውጣ» ይለዋል። ጉበት የሚያወጣው ጡንቻ ከሚወስደው በልጦ ነው። 10 ደቂቃ በዝግታ ተራምደው ውሃ ይጠጡ፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት በኋላ ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይወርዳል። ቸኩሎ ተጨማሪ ኢንሱሊን መውጋት ሌሊቱን ያበላሻል። ሁልጊዜ የሚጨምር ከሆነ ክብደቱን ቀንሰው ብዛቱን ይጨምሩ።

ሰውነት ከተሳሰረ። ከ24 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ ሕመም የተለመደ ነው። ዕረፍት አድርገው አይተኙ፤ በቀስታ ይራመዱ፣ ቀጣዩን ቀን በግማሽ መጠን ይሥሩ። ነገር ግን ሕመሙ በጣም ከባድ ሆኖ ሽንትዎ እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ጡንቻ እየፈረሰ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። አቶርቫስታቲን ወይም ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህንን በተለይ ያስታውሱ።

እግር ላይ ውሃ ከቋጠረ። አያፍርጡት። በንጹህ ጨርቅ ሸፍነው ቆሞ የሚሠራውን ያቁሙ፣ የላይኛውን አካል ተቀምጠው ይቀጥሉ። ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ፈሳሽ ካወጣ በማግስቱ ሳይሆን ዛሬ ይታዩ።

ደረት ከጨነቀ ወይም ክንድና መንጋጋ ላይ ሕመም ከመጣ። ያቁሙ፣ እርዳታ ይጥሩ። ስኳር ያለበት ሰው የልብ ሕመም ያለ ደረት ሕመምም ሊመጣ ይችላል፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና ያልተለመደ ድካምም እንደዚያው ይቆጠር።

አንድ ሳምንት ካመለጠ። ካቆሙበት አይቀጥሉ። አንድ ዙር ቀንሰው ይጀምሩ። መድኃኒትዎ ለስፖርት ቀን ተብሎ ተቀንሶ ከነበረ ባልሠሩበት ሳምንት የትኛውን መጠን እንደሚወስዱ ይደውሉና ይጠይቁ።

ምንም ለውጥ ካላዩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሦስት ወር ስኳር ምርመራ አይሥሩ፤ ያ ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ስለሚያሳይ የቆየውን ነው የሚነግርዎት። ደብተርዎን ይክፈቱና የሠሩበትን ቀን ማግስት ጠዋት ቁጥሮች ካልሠሩበት ማግስት ጋር አጠገብ ለአጠገብ ይጻፉ። ከሦስት ወር በኋላም ልዩነት ከሌለ ደብተሩን ይዘው ሐኪምዎ ጋር ይሂዱ፤ ያኔ መቀየር ያለበት መድኃኒቱ ወይም ሰዓቱ ሊሆን ይችላል።